አሥራ ሁለተኛዋ ሴራሚክ

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አየለች፣

እንደምን ሰንብተዋል? የዚያ አገር ብርድ እንዴት ያደርግዎታል? እኛ፣ የቂርቆስ አምላክ ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። ጤናውን ይስጥዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ።

ማን እንደጻፈልዎ እያሰቡ እንዳይቸገሩ፣ የአጎትዎ ልጅ የገብረመስቀል የመጀመሪያ ልጅ ምንዳዬ ነኝ። አባቴ ያረፈ ጊዜ የላኩልንን ደብዳቤ እስከዛሬ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። እርስዎ ስልክ እንደማይወዱ፣ የሚያምኑት ወረቀት ብቻ እንደሆነ እሱ ስለነገረን ነው ብዕር ያነሣሁት።

ሥራዬ ሲነገር ያስቃል። ለተሰበረ ሴራሚክ መሳዩን እፈልጋለሁ። የአንዱ ቤት ቧንቧ ያፈስና ቧንቧ ሠራተኛው ግድግዳውን ይቆፍራል፤ አራት ሴራሚክ ይሰበራል። ሱቅ ሲሄዱ ያ ዓይነት ከመጣ ስምንት ዓመቱ ነው ይሏቸዋል። ሁሉንም አፍርሶ እንደገና ማንጠፍ ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ይኼኔ ነው እኔ የምጠራው። ስባሪውን በቦርሳዬ ይዤ ከመርካቶ እስከ ደምበል፣ ከመጋዘን መጋዘን፣ ግንባታ ከጨረሰ ሰው ቤት እየዞርኩ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ይፈጃል። አንድ ቀን አንዲት እናት ቁም ሣጥን ላይ፣ አሥር ዓመት አቧራ የጠጣ ካርቶን ውስጥ፣ ያው ራሱ ተኝቶ ይገኛል። ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያለች ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትደሰትም፣ እትዬ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚያስለቅሰው። ባለቤቶቹ የአራት ሴራሚክ ዋጋና የታክሲ ይሰጡኛል። የዞርኩበት ሁለት ወር የለም። «ጠየቅ ማድረግ ብቻ አይደለም እንዴ?» ይሉኛል። ባለፈው ወር ስታዲየም አካባቢ ፔንሲዮን ያለው ሰውዬ ደግሞ «የት እንዳገኘሽው ብቻ ንገሪኝ» አለኝ። እኔ ሞኟ ነገርኩት። ሾፌሩን ልኮ ሙሉውን ገዛ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሣም።

ባለቤቴ ሃይለአብ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ጫማዬን እያየ «አንቺ፣ ይሄ ሥራ ነው ወይስ ስለት?» ብሎኛል። ስለዚህ ተስማማን። አሁን የያዝኩት አንድ ፍለጋ አለ፤ ፍለጋው እንደ ሥራ ተቆጥሮ ካልተከፈለኝ፣ ከግንቦት አንድ ጀምሮ በደመወዝ ሴራሚክ መሸጫ ልቀጠር ነው። ቃሌን ሰጥቻለሁ። እትዬ፣ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ «ካሬው ስንት ነው» ሲሉኝ መዋል አልፈልግም። ይህን ሥራ ብነጠቅ ዓይኔ የጠፋ ያህል ነው።

ፍለጋው የወይዘሮ አጸደ ነው። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለ፣ የምድር ባቡር ጸሐፊ የነበሩ አባታቸው የሠሩት ቤት ነው። ሳሎናቸው መሐል ቧንቧ ፈንድቶ አሥራ አንድ ሴራሚክ ተሰብሯል። ልጃቸው ልደት ሚያዝያ 26 ታገባለች፤ መልሱ እዚያው ሳሎን ነው። ዕቃው ከጣልያን የመጣ ነው ይባላል። እርስዎ ደግሞ ያሉት ሴራሚክ ከሚሠራበት አገር መሐል ነው። ፎቶውን አብሬ ልኬያለሁ። አንድ ሁለት ቦታ ጠየቅ ቢያደርጉልኝ ምን ይመስልዎታል?

አክባሪዎ፣
ምንዳዬ ገብረመስቀል


ሞዴና አጠገብ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምንዳዬ፣

የወንድሜን የገብረመስቀልን ነፍስ ከአብርሃም ከይስሐቅ ጎን ያሳርፍልኝ። አንቺንም፣ ሃይለአብንም ክፉ አይንካችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከምጦራት አሮጊት ሲኞራ ጋር እርስ በርስ እየተደጋገፍን አለን፤ ማን ማንን እንደሚጦር ግን አትጠይቂኝ።

ፎቶሽን ሳይ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ።

ልጄ፣ ይህን ሴራሚክ አውቀዋለሁ። የማውቀው ታዲያ በዓይኔ ሳይሆን በእጄ ነው። ወደዚህ አገር ያመጡኝ ሰዎች ካዛንቺስ ሲኖሩ ሳሎናቸው ይህ ነበር። በአሥራ አራት ዓመቴ ገባሁላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከበሩ እስከ መስኮቱ ተንበርክኬ በሱፍ ጨርቅ ሰም እቀባው ነበር። ላዩ ላይ እንደ ሽሩባ የቀጠኑ መስመሮች አሉት፤ ሰሙ እነሱ ውስጥ ይገባና በጥፍር ይወጣል። ዛሬ ዓይኔን ብትሸፍኚው በጣቴ እለየዋለሁ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ከተሠራበት አገር ተቀምጬ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም ነበር።

እጠይቅልሻለሁ። መኪና ያለው ሰው ስላለ ለመዞር አልቸገርም። ነገር ግን ፎቶ አይበቃም፤ ስባሪውን ላኪልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለሴትዮዋ ዋጋሽን በሩ ላይ ተናግረሻል ወይስ ዝም ብለሽ ገባሽ? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። እዚህ አገር ሐኪሙ «ምንም የለብሽም» ብሎኝ አስከፍሎኛል። ምንም እንደሌለብኝ ማወቁ ነው የተከፈለበት።

ደግሞ ካዛንቺስ እንዴት ናት? ከትልቁ ጽድ በታች እናቴ የተከራየቻት አንዲት ክፍል ነበረች። አለች?

አክስትሽ አየለች


ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አየለች፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረስዎ። ለሲኞራዋም ምሕረቱን ይላክላት።

ደብዳቤዎን ለሃይለአብ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። «በእጇ ታውቀዋለች?» አለ። ያለው ይህን ብቻ ነው፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጫማዬ አያነሣም።

ስባሪውን በተጓዥ እጅ ልኬያለሁ። ሲደርስዎ ጀርባውን ይመልከቱ። ፊቱን ማንም ያያል፤ አንዱ ፋብሪካ የሌላውን ፊት ይሰርቃል። ጀርባውን ግን ለመስረቅ የሚደክም የለም፤ ያየዋል ብሎ የሚያስብ ስለሌለ። እኔ ሴራሚክ ሲሰጡኝ መጀመሪያ የማደርገው መገልበጥ ነው። የዚህኛው ጀርባ ዘጠኝ ሸንተረር፣ ጥግ ላይ ትንሽ ኮከብ፣ ከኮከቡ ሥር ሁለት ቁጥር አለው። ከተነጠፈ ጀምሮ ያንን ኮከብ ያየች የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ። አንድ ሰው፣ ማንም ለማያየው ቦታ፣ ኮከብ ቀርጾ አረፈ። አስበው አስበው አይገባኝም።

እዚህም መፈለጌን አልተውኩም። ጋዲሳ የሚባል፣ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ፤ ክምሩ ላይ ስገለብጥ እውላለሁ። የማእድ ቤት ግድግዳ፣ የሕፃናት መታጠቢያ፣ ዓሣ የተሳለበት፣ አበባ ያለበት። የስንት ሰው ቤት መሰለዎት! ሰዎቹ ሁሉ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ያዩት የነበረው እኔ እጅ ላይ ነው። አንዳንዴ ጓንቴን አውልቄ ነው የምይዘው። የእኛ ግን የለም።

ዋጋዬን አልተናገርኩም። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ወይዘሮ አጸደ በገባሁ ቁጥር ወንበር ስበው፣ ሻይ ቀድተው «የኔ ልጅ» ይሉኛል። «የኔ ልጅ» የተባለ ሰው ዋጋ እንዴት ያነሣል? ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። ልደት በበኩሏ «ማሚ በቃ፣ ማለቴ፣ ሙሉውን በአዲስ እንቀይረውና ይገላግለን» ትላቸዋለች። እሳቸው «አባቴ የመረጠውን ወለል ረግጠሽ ነው የምትወጪው» ብለው ዘጉት።

እትዬ፣ እባክዎ ይፍጠኑልኝ። ለእርስዎ ከቅርብ ነው፤ ጠየቅ ማድረግ ብቻ ነው።

ምንዳዬ


ሞዴና አጠገብ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምንዳዬ፣

የጾሙን ወራት አስጀምሮ ያስፈጽማችሁ። መልሴ ስለዘገየ ይቅር በይኝ። አንዳንድ ነገር ገጥሞኝ ነበር፤ አልፏል። ሲኞራዋ በጥር ወር አርፋለች። ከእንግዲህ የምትጽፊልኝ በፖስታው ጀርባ ባለው አዲስ አድራሻ ነው።

አገኘሁት።

አራተኛው ቦታ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሜዳ ላይ የቆመ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ባለቤቱ ከእኔም ያረጀ ሰው ነው፤ ፋብሪካዎች ማምረት ያቆሙትን ሁሉ እየሰበሰበ ያኖራል። ስገባ «ምን ፈለግሽ?» አለኝ፤ ስባሪውን ሰጠሁት። ፊቱን አላየም፣ ምንዳዬ። ገለበጠው። አንቺ ትዝ ብለሽኝ ልስቅ ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ተነሥቶ መራኝ። ከወለል እስከ ጣራ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ግድግዳው ሴራሚክ ነው። ከየዓይነቱ አንድ። በዚህ አገር የተሠራው፣ ሰው ረግጦት የጨረሰው፣ ሰው የረሳው ሁሉ አንዳንድ ሆኖ ተቀምጧል። ስንት ዓይነት እንደሆነ ስጠይቀው «መቁጠር የተውኩት ሚስቴ ስትሞት ነው» አለኝ። እኔ ሃምሳ ዓመት የሰው ወለል ያጠብኩ ሴት ነኝ። ከግድግዳው ላይ የማውቃቸውን ማየት ጀመርኩ። ይህ የሐኪሙ ቤት፣ ያ የእህትማማቾቹ ወጥ ቤት፣ ያኛው ልጅ ያሳደግሁበት። ዕድሜዬ በሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆየኝ። ማማተብ ነበረብኝ፤ አማተብኩ። ሽማግሌው ምን ሆንሽ አላለኝም። ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቤ ቆመ።

ኮከቧ ያለችባት ታች፣ ከጥግ ነበረች። አሮጌ መዝገብ አውጥቶ ፈለገና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ፤ «ጅቡቲ፣ በባቡር አዲስ አበባ» ይላል። በዓለም ላይ የቀረው አሥራ አራት ነው ብሎ ማለልኝ። አንዱን ለግድግዳው፣ አንዱን ለመተኪያ አስቀረ። አሥራ ሁለቱን ይዤ ወጣሁ። አሥራ ሁለተኛዋ መንገድ ላይ ለሚሰበር ናት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። ለፋሲካ የሚመጣው የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ግርማይ በየጨርቁ ጠቅልሎ ያደርስልሻል።

የሰውዬው በር ላይ አንዲት ማስታወቂያ አለች። «ፍለጋ ይከፈልበታል። ከገዙ ይታሰብልዎታል።» ይኸው ነው። ማንም አይከራከረውም። ገልብጬ ልኬልሻለሁ፤ በአማርኛም ያምርባታል።

የካዛንቺሱን ጥያቄዬን ሳትመልሽልኝ ቀረሽ። ረስተሽው ይሆናል።

አየለች


ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ አየለች፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በችኮላ ነው የምጽፈው።

ግርማይ ትናንት አደረሰልኝ፤ አንድም አልተሰበረም። ኮከቡም፣ ዘጠኙ ሸንተረርም አለ። እያለቀስኩ ወይዘሮ አጸደ ቤት ሮጥኩ። መሐል ወለሉ ላይ አንዱን አስቀመጥኩት።

አይመሳሰልም።

የእነሱ ሳሎን ግራጫ ነው፤ «ግራጫው ሳሎን» ነው የሚሉት። የላኩት አረንጓዴ ነው፣ እንደ እሸት አተር። ባለቤታቸው አቶ ሊካሳ፣ ሒሳብ መርማሪ የነበሩት፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው «ይኼማ የእኛ አይደለም» አሉ። ወይዘሮ አጸደ እንደ ወትሮው ሻይ ቀዱልኝ። እሱ ባሰብኝ። ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ግንቦት አንድም እየመጣ ነው። ሃይለአብ ምንም ሳይጠይቀኝ ራት አቀረበልኝ፤ ያን ጊዜ ነው ሥራዬ ማለቁ የገባኝ።

ሽማግሌው ሌላ ሰጥቶዎት እንዳይሆን? ሲቀበሉት በደንብ አይተውታል?

ምንዳዬ


ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ፣ ለምወድዎ እትዬ አየለች፣

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! መልስዎን ሳልጠብቅ ሁለተኛ ደብዳቤ የምጽፈው፣ የመጀመሪያው እንዳይደርስዎ እየተሳልኩ ነው። ከደረሰ ደግሞ መጨረሻዋን መስመር ቆርጠው ይጣሉልኝ። «በደንብ አይተውታል?» ያልኩዎትን ሳስታውስ ፊቴ ይቃጠላል።

ከፋሲካ ማግስት እንደገና ሄድኩ። ለመሰናበት ነበር የሄድኩት። ሻይ ቀረበ። አጎንብሼ ተቀምጬ ወለሉን ሳይ ቡፌው ላይ ዓይኔ አረፈ። ያቺ ከባድ የዝግባ ቡፌ የእናታቸው ናት፤ ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ተነቃንቃ አታውቅም። «እባክዎ፣ አንድ ክንድ ብቻ እናንሸራታት» አልኩ። አቶ ሊካሳ ወገባቸውን ያዙ። ልደት እንደ ሙሽሮች ጥፍሯን ተቀብታ ነበር፤ ቢሆንም ገፋች። አራት ሆነን ገፋን።

እትዬ፣ ከሥሯ አረንጓዴ ወጣ።

ልክ እንደላኩት! ያው ራሱ! ዛሬ የተነጠፈ ይመስላል። ወይዘሮ አጸደ ጫማቸውን አወለቁ፤ ለምን እንዳወለቁ እሳቸውም አያውቁም። አጎንብሰው በመዳፋቸው ዳሰሱትና «አባዬ የመረጠው ይህን ነው?» አሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ያደጉበትን ሳሎን ቀለም አያውቁትም ነበር። ለካ ግራጫው እግር ነው። ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የገባና የወጣ እግር ሁሉ፣ የለቅሶውም የሠርጉም፣ ቀለሙን ጥቂት ጥቂት ይዞ ሄዷል። እርስዎ የላኩት ልክ ነበር፣ እትዬ። የተሳሳተው ወለሉ ነው።

ደስታው ግን ችግሩን አልፈታውም። መሐል ላይ አረንጓዴ ቢነጠፍ ቦግ ብሎ ይታያል። የተረገጠ አሥራ አንድ ያስፈልገኛል። የተረገጠ ሴራሚክ ደግሞ ሱቅ አይሸጥም።

አሁን የምነግርዎትን ለማንም አይንገሩብኝ። ከሳሎኑ ወደ ጓዳ የሚያስገባ መጋረጃ አለ። አምስት ወር ሙሉ ከመጋረጃው ፊት ለፊት ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ። በገባሁ ቁጥር ዓይኔን አዞር ነበር፤ የሰው ጓዳ አይታይማ። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል። ያን ቀን ግን ነፋስ መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርገው ጫፉ ሥር ግራጫ ሴራሚክ አየሁ። ያው ዓይነት። ጓዳውም በዚያው ተነጥፏል!

«ወይዘሮ አጸደ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ጓዳዎን ያሳዩኝ።»

ቀላ አሉ። ያን ሰሞን ለሰርጉ ጠላ ተጠንስሷል፤ ጥንስስ የባዕድ ዓይን ይፈራል። አቶ ሊካሳ «እንዴ!» አሉ። ወይዘሮ አጸደ ግን ነጠላቸውን አውልቀው ጋኖቹን ሸፈኑ። ከዚያ መጋረጃውን ራሳቸው ከፈቱልኝ። «ግቢ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ።

በዱቄት በርሜሉና በጆንያው መሐል፣ ዕድሜ ልኩን የተረገጠ፣ ከሳሎኑ ጋር አንድ ላይ ያረጀ ወለል ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ በቀጭን መሮ፣ ትንፋሼን ይዤ አሥራ አንድ አወጣሁ። አንድም አልሰበርኩም፤ ማርያም ምስክሬ ናት። እነሱን ሳሎን አነጠፍኩ። መልሱ ቀን የሙሽራው ወገን ሦስት ጊዜ ጨፈረባቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ እኔም ለመለየት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ።

እርስዎ የላኩት አሥራ አንዱ ጓዳ ውስጥ፣ በርሜሉ ሥር ናቸው። ከእንግዲህ ማንም አያያቸውም።

ይህን መጻፍ ከበደኝ። ጓዳውን ኅዳር ላይ አሳዩኝ ብል ኖሮ፣ በርሜል ሥር የትኛውም ርካሽ ሴራሚክ ይበቃ ነበር። አቶ ሊካሳም ይህንኑ አሉ፤ ደግሞም ጨመሩበት። «ከገዛ ቤታችን ለወጣ ዕቃ ምን ተብሎ ይከፈላል?» እኔ አንገቴን ደፋሁ። ወይዘሮ አጸደ ግን ወደ ባላቸው ዞሩ። «ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ መልሱ አጭር ነው ብዬ ማርክ ቀንሼ አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል ሰምተህ አታውቅም? ሁላችንም ረግጠነው ያላየነውን ነው ያሳየችን።» ከዚያ ወደኔ ዞሩና «ስንት ነው ዋጋሽ?» አሉኝ።

የእርስዎን ማስታወቂያ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። በሕይወቴ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ቆረጥኩ። «የፍለጋ ዋጋ» ብዬ ጻፍኩበት። ፈላጊ በሚለው ላይ ሁለት ስም አለ፤ አየለች እና ምንዳዬ። ሃይለአብ ደረሰኙን አገላብጦ አየና «ጀርባውስ?» ብሎ ቀለደብኝ። ግንቦት አንድ አለፈ፤ አልተቀጠርኩም።

ያን ቀን ማታ ማስታወቂያዋን እንደገና ሳነብ ነው አንድ ነገር የመታኝ። «ፍለጋ ይከፈልበታል።» እርስዎ ለሽማግሌው ከፍለዋል ማለት ነው። የሴራሚኩንም ከፍለዋል። እኔ አንድም ቀን ስንት አወጡ አላልኩም። «ጠየቅ ማድረግ ብቻ ነው» ብዬ ጽፌልዎታለሁ፤ ባለቤቶቹ ሁሉ እኔን የሚሉኝን፣ ቃል በቃል። ሲኞራዋ አረፈች ሲሉኝ አላጽናናሁዎትም። አድራሻዎ ለምን እንደተቀየረ አልጠየቅሁም። መኪና ያለው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

እኔም ደብቄዎታለሁ። የካዛንቺሷ ክፍል የለችም። ሰፈሩ ፈርሷል፤ ጽዱም የለም። የጋዲሳ ክምር የወጣው ከዚያው ነው። ልነግርዎት አቅም አጣሁ።

ከደረሰኙ ግማሹ የእርስዎ ነው። አሥራ ሁለተኛዋ ደግሞ እኔ ጋ ቀርታለች። እትዬ፣ የሰው ጓዳ አይታይም እንዳይሉኝ። ጓዳዎን ያሳዩኝ።

ልጅዎ ምንዳዬ


ሞዴና አጠገብ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምንዳዬ፣

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ያቺን መስመር አልቆርጣትም፤ ስስቅባት ልኑር። ቀለሙንማ አይቼ ነበር፤ ካዛንቺስ ሳውቀው አረንጓዴ ስለነበር ስባሪው የቆሸሸ መስሎኝ ነው።

ጓዳዬን ጠየቅሽኝ፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። እንግዲህ ግቢ።

መኪና ያለው ሰው የለም። መጀመሪያ አውቶቡስ፣ ከዚያ እግሬ ነው። ሁለተኛው ቦታ ላይ በበረዶ አዳልጦኝ ጉልበቴ ተጎዳ፤ የዘገየሁት ሐኪም ቤት ተኝቼ ነው። ሲኞራዋ ስታርፍ ልጆቿ ቤቱን ሸጡት፤ አሁን ያለሁት አንዲት የአገሬ ልጅ ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ግርማይ እስኪመጣ አሥራ ሁለቱ አልጋዬ ሥር ነበሩ። ማታ ማታ እጄን ሰድጄ እዳስሳቸው ነበር። ለሽማግሌውም ከፍያለሁ። ይኸው፣ ሌላ የለኝም።

በከንቱ ዞርኩ ብለሽ አትዘኚብኝ። ያንን ግድግዳ ሳላየው ልሞት ነበር እኮ! ሃምሳ ዓመት ያጠብኩት ሁሉ የትም አልጠፋም። ደግሞ በርሜል ሥር መሆኑ ምን ክፋት አለው? ኮከቧን የቀረጸው ሰውዬስ ማን ሊያይለት ነበር?

ካዛንቺስ መፍረሷን አውቄ ነበር። ስለ አንድ ሴራሚክ ጀርባ አንድ ገጽ የምትጽፊ ልጅ ለአንዲት ጥያቄ ዝም ስትይ ምን ልበል? ጽዱ ያሳዝነኛል። የእናቴ ክፍል ግን ወለሏ አፈር ነበር፤ እበት ነበር የምንለቀልቃት። ሴራሚክ የነበረው እኔ የማገለግልበት ቤት ነው።

ግማሹን እቀበላለሁ። እምቢ የምል መስሎሽ ነበር? እምቢ ካልኩሽ ነገ አንቺም እምቢ ማለት ትለምጃለሽ። አንቺው ጋ ይቆየኝ፤ ለመስቀል እመጣለሁ። የገዛሁት ቲኬት መመለሻ የለውም፤ አንዲት ክፍል ፈልጊልኝ። ፍለጋው ይከፈልበታል።

አሥራ ሁለተኛዋን ለማንም እንዳትሸጪያት። በክፍሌ በር መግቢያ ላይ አንጥፊልኝ። ያቺን ሴራሚክ ተንበርክኬ ነው የማውቃት፤ እስቲ ደግሞ ቆሜ ልርገጣት።

አክስትሽ አየለች